ወርቃማ ፍልፈል ፍለጋ ወደ ቡሌ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ገና አልነጋም። ረዳቶቹ «ሻሸመኔ! አዋሳ! ዲላ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጣሪያው ላይ የሚጫነው የበርበሬ ጆንያ ሁላችንንም ያስነጥሰናል። ጭኔ ላይ የእንጨት ሳጥን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽር፣ ጥጥ፣ ባዶ ብልቃጦችና የብል መድኃኒት ይዟል። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ሦስት ቀን ተመላልሼ ያወጣሁት የይለፍ ወረቀት አለ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ የሶማሊያው ጦርነት አልፎ ድንበሩ ግን ገና አልቀዘቀዘም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በአንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የአንድ አዛውንት ምሁር ረዳት ነበርኩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ እንስሳ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ወርቃማ ፍልፈል።

መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ከመሬት በታች የሚኖር ፍጡር ነው። ከእኛ አገር ፍልፈል ጋር ስሙ ይመሳሰል እንጂ ዘር አይገናኙም። የእኛው ትንንሽም ቢሆኑ ዓይኖች አሉት፤ በጥርሱ ይቆፍራል፣ ሥር ይበላል። የወርቃማውን ዓይን ግን ቆዳ ሸፍኖታል፤ ጆሮውም ጅራቱም ከውጭ አይታዩም። በጥፍሩ ይቆፍራል፣ ትልና ነፍሳት ይበላል። ፀጉሩ ብርሃን ሲያርፍበት አንዴ መዳብ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ ይመስላል ይባላል። «ይባላል» የምለው እኔም ጋሼም በሕይወት አይተነው ስለማናውቅ ነው።

በኬንያና በኡጋንዳ ተራሮች ይኖራል። ከጠፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው ዘመዶቹ አጥንት ኬንያ ውስጥ ከድንጋይ ተፈልፍሎ ወጥቷል። ሶማሊያ ውስጥ ደግሞ አንዴ ብቻ ምልክቱ ተገኝቷል፤ ያውም ጉጉት ከተፋችው ጥቅልል ውስጥ። ጉጉት ያደነችውን ትውጥና ሥጋውን አስቀርታ ፀጉሩንና አጥንቱን ጠቅልላ ትተፋዋለች። «በደቡብ በኬንያ አለ፣ በምሥራቅ በሶማሊያ አለ። መሃል ያለነው እኛ ብቻ እንዴት እናጣለን?» ይሉ ነበር ጋሼ። ልባቸው ታሞ ሐኪም ጉዞ ስለከለከላቸው ወደ ጌዴኦ እኔን ላኩኝ።

«መሬት ቆፍረሽ አታገኚውም። ጉጉቷን ፈልጊ፤ እሷ ፈልጋልሻለች» አሉኝ።

ከዝዋይ ወዲያ፣ አራት ሰዓት ገደማ

ኬላ። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ጠመንጃ ያነገተ ወታደር ሳጥኔን አስከፈተኝ።

«ይሄ ሁሉ ብልቃጥ ለምንድን ነው?»

«አጥንት ልሰበስብ ነው የምሄደው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የሰው?»

«የአይጥ» አልኩት።

ሳቀ። ከተሰለፍነው ሰዎች ግን ማንም አልሳቀም። ሳጥኑን መለሰልኝና ተሳፈርን። እስከ ሻሸመኔ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

ዲላ፣ አመሻሽ

ቀይ አፈር፣ ቡና የጫኑ መኪኖች፣ የመንገድ ዳር የአናናስ ክምር። አንዱን በሃምሳ ሳንቲም ገዛሁ፤ ሻጯ እዚያው ላጠችልኝ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ።

ያረፍኩት ጋሼ ድሮ መኪና ይከራዩአቸው ከነበሩ የስልጤ ነጋዴ ቤተሰብ ዘንድ ነው። እናትየዋ እማማ ዘይነባ ሱቁን ይዘዋል፤ ልጃቸው ሸምሱ በላንድሮቨር ወደ ቡሌ ሰውና እህል ያመላልሳል። አርባ የሞላው፣ ቀልደኛ፣ ፈጣን ነጂ ነው።

«ለምን ጉዳይ መጣሽ ልጄ?» አሉኝ እማማ ዘይነባ ሻይ እየቀዱልኝ።

«ጉጉት ፈልጌ ነው።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡት። «አዑዙ ቢላህ! ሰው ጉጉት ይሸሻል እንጂ ይፈልጋል?»

ሸምሱ ግን አሰብ አደረገ። «ቡሌ አንድ አለች። ጅግሶ የሚባል ወዳጄ ቤት፣ ከጓሮ ትልቅ ኮሶ ላይ። ግን ቶሎ ድረሺ፤ ቅዳሜ ዛፉን ሊቆርጡት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ፈቅዷል።»

«ለምን ይቆርጡታል?»

«ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ልጅ ሞቶባታል። ጉጉቷ ናት የበላችብን ይላሉ።»

ረቡዕ፣ ወደ ቡሌ

ላንድሮቨሩ ውስጥ አሥራ አምስት ሰዎች፣ አራት ዶሮዎችና አንድ በር ተጭነናል። በሩ ለአዲስ ቤት ነው፤ ባለቤቱ እንዳይሰበር በሁለት እጁ ይዞት ይጸልያል። መንገዱ ከቡናው እየወጣ ወደ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ወደ ቀርከሃው ይወጣል። በየኩርባው ይቀዘቅዛል። ሸምሱ ጉድጓዱን ሁሉ በስም የሚያውቀው ይመስላል፤ ግን ለአንዱም ፍጥነት አይቀንስም።

ጅግሶን ከቀርከሃ በተሠራ ንጹሕ ቤቱ ደጃፍ አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ዝምተኛ ገበሬ ነው። ባለቤቱ አዳነች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ስምንት ወሯ ነው። የጅግሶን እናት ሁሉም «እማማ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው።

ለምን እንደመጣሁ ሸምሱ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ አስረዳቸው። እማማ እስኪጨርስ ሰሙትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወፉን ውሰጂ። ሁሉንም ውሰጂ» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«ወፏን አይደለም እማማ። የምትተፋውን ነው።»

ከእኔ ዓይናቸውን አላነሡም። በኋላ ግን ቆጮና ጎመን ቀረበልኝ፤ መኝታም ተነጠፈልኝ።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ኮሶው የጅግሶ አያት ሲወለዱም ነበር አሉኝ። ግንዱ ላይ ሰው የሚገባበት የሚያህል ክፍት አለ። ጉጉቷ ትልቅ ናት፤ ራሷ ላይ ቀንድ የመሰለ ላባ አላት። ዓይኗን ከፈት አድርጋ አየችኝና መልሳ ከደነችው። ከኋላዋ ነጭ ጥጥ የመሰለ ጫጩት ይንቀሳቀሳል።

ከሥር ሣሩ ውስጥ ጥቅልሎቹ ተበታትነዋል፤ አውራ ጣት ያህል፣ ግራጫ፣ አንዳንዶቹ ገና እርጥብ። ለቅሜ የእንሰት ቅጠል ላይ ደረደርኳቸው። በውሃ እያራስኩ በወረንጦ መክፈት ጀመርኩ።

አዳነች መጀመሪያ ከደጃፏ አየችኝ። ቀጥሎ ከአጥሩ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ያህል ቀርባ ቆመች።

«አያስጠላሽም?»

«ለመድኩት። ይኸው እይው፤ ይሄ ምን ይመስልሻል?»

ትንሽ መንጋጋ ነው፤ ከፊቱ ሁለት ረጃጅም ብርቱካናማ ጥርሶች ወጥተዋል። ጅግሶ አጠገባችን እንሰት ይኮተኩት ነበር፤ መጥቶ ጎንበስ አለ። ጥርሱን እንዳየ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህማ የኔ ሌባ ነው!» አለ። ወደ እንሰቱ አሳየኝ። አምስት ስድስት ዓመት ጠብቀው ያሳደጉት እንሰት ሥሩን ፍልፈል በልቶት ጋደም ብሏል፤ አንዱ አጠገብ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው።

አንድ በአንድ ከፈትን። አዳነች ሳታስበው ቁጭ ብላለች። የፍልፈል ራስ ቅል በወጣ ቁጥር ጅግሶ «ሌላ ሌባ!» ይላል፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። እስከ ቀትር ዘጠኝ ፍልፈል፣ ጥቂት የሜዳ አይጦችና አንድ አፈ ሹል አይጥ አወጣን። እኔ የምፈልገው አልነበረም።

ጅግሶ ወደ ሥራው ሲመለስ አዳነች ቀረች።

«የምትፈልጊው ምን ዓይነት ነው?»

ነገርኳት። ዓይኑን ቆዳ እንደሸፈነው፣ ፀጉሩ እንደሚያበራ፣ በጨለማ ውስጥ ተወልዶ በጨለማ ውስጥ እንደሚሞት። ወደ ኮሶው ቀና አለች።

«የመጀመሪያው ልጄ ሦስት ቀን ኖረ» አለችኝ። «ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ስትወለድ አላለቀሰችም። ሁለቱንም ጊዜ ይህ ወፍ ጮኋል።»

«በሌላው ቀንስ አይጮህም?»

«ይጮኻል። እኔ የምሰማው ግን ያኔ ነው።» ሆዷን በመዳፏ ዳሰሰች። «እኔ ጌታን አምናለሁ። የጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህም ቤታችን ውስጥ ቀስ ብለን እንዘምራለን። ወፉን ግን እፈራለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ጅግሶን ለብቻው አግኝቼ ለመንኩት። ጫጩቷ እስክትበር ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሱ፣ ጉጉቷ እንሰትህን የምትጠብቅልህ ናት አልኩት። መሬት መሬት እያየ አዳመጠኝ።

«አንቺ ያልሽው ገብቶኛል። ለእናቴ ማን ይነግራል?» አለኝ።

ለእማማ እኔው ነገርኳቸው። «አንቺ ወልደሻል?» አሉኝ። «አልወለድኩም» አልኩ። ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ዓርብ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ጥቅልል እየለቀምኩ ሳለ አዳነች የማጀቱን ምሰሶ ይዛ ስታቃስት ሰማሁ። ወሯ ገና ነው፤ ምጡ ግን መጥቷል።

እማማ ከቤት ወጡ። ወደ ኮሶው፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። «ወፍሽ ጠራ» አሉኝ።

አንድ ነገር አልደብቅም። ወረንጦ ይዤ፣ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ። ቀና ብዬ ጉጉቷን አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ሁለት ሳምንት ታገሱ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የሆነ ነገር ቢደርስስ?

«እማማ፣ ዲላ እናውርዳት» አልኩ። «ዛሬ ገበያ ነው፤ ሸምሱ አለ።»

«በዚያ መንገድ? መንገዱ ራሱ ይገድላታል።»

የመለሰችላቸው አዳነች ናት። ምሰሶውን አልለቀቀችም። «ሁለቱን እዚህ ወለድኩ፤ ሁለቱም እዚህ ተቀበሩ። ይሄኛውን እወርዳለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ጎረቤቶች ከቀርከሃ ቃሬዛ አሰሩ። ስድስት ወንዶች እየተፈራረቁ በጭቃው ቁልቁለት ተሸክመዋት ወረዱ። ገበያው ዳር ስንደርስ እማማ ጅግሶን ወደ ጎን ጠርተው በጌዴኡፋ አንድ ነገር ነገሩት። ጅግሶ ሚስቱን አየ፤ እጇን ያዘ። ከዚያ ወደ መጣንበት ተመልሶ በሩጫ ወጣ። ልብስ ሊያመጣላት መስሎኝ ነበር።

ላንድሮቨሩ ሞልቶ ሊነሣ ነው። ሸምሱ ቃሬዛውን እንዳየ ሞተሩን አጠፋ።

«ውረዱ! እባካችሁ ሁላችሁም ውረዱ!»

አንድ ሰው አላጉረመረመም። አሥራ ስድስት ሰዎች ወረዱ፤ የገብስ ጆንያው ብቻ ለፍራሽ ቀረ። አንዲት ሴት ያልተገለገለችበትን አዲስ ጋቢ ከዕቃዋ አውጥታ አለበሰቻት፤ ስሟን እንኳን አልጠየቅናትም።

ዲላ እስክንደርስ

ሸምሱን እንደዚያ ቀን አላየሁትም። ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ቢስሚላህ» ይልና እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ቀስ ብሎ ይወጣል። በአንድ ሰዓት ተኩል የሚወርደውን መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጀበት። አዳነች እጄን ይዛለች። ሕመሙ ሲመጣ አጥንቴ እስኪንቋቋ ትጨብጠኛለች፤ ሲሄድ «ይቅርታ እህቴ» ትለኛለች። እማማ ከፊት ተቀምጠው በጌዴኡፋ ይጸልያሉ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። አስገቧት። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። እማማ ዘይነባ ሰምተው አጥሚት በቴርሞስ ይዘው መጡ፤ ከእማማ ጎን ቁጭ አሉ። ሁለቱ አሮጊቶች ቋንቋ እምብዛም አይግባቡም። እማማ ሲጸልዩ እማማ ዘይነባ በየማረፊያው «አሚን» ይላሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከውስጥ የአዳነች ድምፅ ቆመ። እማማ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም፤ ግን ረጅም ነበር። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተቆጣ ልቅሶ መጣ።

እማማ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። ሸምሱ ወደ ግድግዳው ዞረና ፊቱን በሻሹ ጠረገ።

ቅዳሜ፣ ዲላ

ሴት ናት። ከሁለት ኪሎ ትንሽ ታልፋለች፤ ቀይ፣ ፀጉራም። አዳነች ትራስ ተደግፋ አቅፋታለች። ልሰናበታት ስገባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ሌሊት ሳስብ ነበር» አለችኝ። «ያ እንስሳ ዓይን የለውም ብለሻል። ልጁን በምን ያውቃል?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር። «ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።»

አፍንጫዋን የልጅቷ ፀጉር ውስጥ ቀብራ ቆየች። «በጠረን ነው» አለችኝ፤ የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው ሆና።

ቀትር ላይ ጅግሶ ደረሰ፤ በእግሩ ነው የወረደው። ልጅቷን አየ፤ ሊነካት ፈርቶ ጣቱን ብቻ አስያዛት። ከዚያ በረንዳው ላይ ጠራኝ። መዳፎቹ ቆስለዋል።

«ትናንት እናቴ የነገረችኝ ዛፉን ጣለው ብላ ነው። ጣልኩት። ወፉን አልገደልንም፤ በረረ። ጫጩቱን ወንዙ ማዶ ዛፍ ላይ አኖርኩት። እናቱ መጣች አልመጣች አላውቅም።»

«ስንት ሰዓት ወደቀ?» አሉ ከኋላችን የመጡት እማማ።

«ስምንት ሰዓት።»

«ልጅቷ ዘጠኝ ሰዓት ተወለደች» አሉኝ እማማ። ሊያሸንፉኝ ፈልገው አልነበረም፤ ክንዴን ያዝ አድርገው በርኅራኄ ነው የነገሩኝ።

ስለ ሐኪሞቹ፣ ስለ ሸምሱ፣ ስለዚያች ጋቢ ስለሰጠች ሴት ልነግራቸው እችል ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት እማማ» አልኩ።

ጅግሶ ከጋቢው ሥር በእንሰት ቅጠል የታሰረ ነገር አወጣ። ከግንዱ ክፍት ውስጥ ያገኘውን ጥቅልል በሙሉ ለቅሞልኝ ነበር፤ አንዱም አልተሰበረም። «ተቀየምሽኝ?» አለኝ። አልተቀየምኩትም። መኝታዬ ላይ ግን ለዚያ ኮሶ አለቀስኩ።

እሑድ እና ሰኞ፣ ወደ ቤት

አውቶቡሱ ውስጥ ሙሉ ቀን ለጋሼ የምነግራቸውን ስለማመድ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ቢሮአቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ዛፉን ትቼ ሄድኩ። ተቆረጠ።» ሁሉንም ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ስንት ኪሎ ናት?»

«ማን?»

«ልጅቷ ነቻ!»

«ሁለት ኪሎ ከምናምን።»

«ትንሽ ናት» አሉ እያሰቡ። «ግድ የለም፤ ታድጋለች። በይ ወንበር ሳቢና እንክፈተው።»

እስከ ማታ ከፈትን። ፍልፈል፣ ፍልፈል፣ አይጥ፣ የወፍ ክንፍ። ወርቃማው አልነበረም። እስካሁንም በጌዴኦ ያገኘው የለም። ጋሼ ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ወርቃማ ፍልፈል የዝሆንና የሽኮኮ ዘመድ መሆኑ ተነገረ። ቢሰሙት ወንበራቸው ላይ ተንፈቅፍቀው ይስቁ ነበር።

በዓመቱ ሸምሱ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ መጣና ሙዚየሙ ድረስ ፈለገኝ። በእንሰት ቅጠል የታሰረ ጥቅል ሰጠኝ።

«አዳነች ናት የላከችው። ጉጉቷ ወንዙ ማዶ ቤት ሠርታለች። አዳነች ልጇን አዝላ ራሷ ሄዳ ጥቅልሉን ለቀመችልሽ።»

«አዳነች? አትፈራም እንዴ?»

ሸምሱ ሳቀ። «ይህንንም ንገራት ብላኛለች። ‹አሁንም እፈራለሁ፤ ግን ወፉ ሲተኛ ቀስ ብዬ ነው የለቀምኩት› በላት አለችኝ።»